ሁለት ሜትር ከአሥር

ጅማ በርጩማ የምትሠራ ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ በርጩማ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ቢታይ "የጅማ ነው" ይባላል፤ ማንም አይከራከርም። ዛሬ የምጽፈው ግን እዚህ ከተማ ማንም ሠራተኛ ሥራ ተብሎ ታዞ የማያውቅ እስኪመስል ድረስ ብርቅ ስለሆነ ሌላ ዕቃ ነው፤ አይቀመጡበትም፣ ይተኙበታል። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው። ወርዱ 61 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይመጣና ራስና ትከሻ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ወደ 30 ሳንቲ ይጠባል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የፓራ ፓወርሊፍቲንግ አግዳሚ ይሉታል፤ እግራቸው የተጎዳ ስፖርተኞች በጀርባ ተኝተው ክብደት ከደረታቸው ወደ ላይ የሚገፉበት ስፖርት ነው። በዚህ ስፖርት ሻምፒዮን የሆነ ሰው ታሪኩን ብትመረምሩት፣ ሜዳሊያውንና ባንዲራውን ወደ ጎን ስታደርጉ፣ የሚቀረው ይሄ አግዳሚና በላዩ ያለፉት ዓመታት ናቸው።

በአገራችን "ፓራሊምፒክ" ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሩጫ ነው፤ ተገቢም ነው። የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቃችንን ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1,500 ሜትር አመጣችው፤ በፓሪስ 2024 ደግማ አሸነፈች፣ ያየሽ ጌቴም በራሷ ምድብ በዚያው ርቀት ወርቅ ወሰደች። ሩጫ ግን እግር ይፈልጋል። በልጅነቱ ፖሊዮ እግሩን ያሰለለበት፣ በመኪና አደጋ አንድ እግሩን ያጣ፣ ከወገቡ በታች የማይታዘዘው ሰው ከዚያ ወሬ ውጭ ይቀራል። ሩጫ ከፍታ ቦታና ሰፊ ሜዳ ይወዳል። ይሄኛው ስፖርት ከፍታ አይጠይቅም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ፣ ክብደት የሚሰካበት አንድ ረጅም ብረት (ባር)፣ ባሩ ቢያመልጥ የሚይዙ ሁለት ሰዎች ይበቁታል። ናይጄሪያና ግብፅ ይህን ከገባቸው ቆይቷል።

የናይጄሪያዋን ሉሲ ኤጂኬን እንይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሴቶች በፓራሊምፒክ ክብደት እንዲያነሱ የተፈቀደው ገና በ2000 ሲድኒ ላይ ነው፤ ወንዶቹ ከ1964 ጀምሮ ያነሱ ነበር። ሉሲ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ብር ወሰደች። 2004 ወርቅ፣ 2008 ወርቅ፣ 2012 ብር፣ 2016 ወርቅ፣ ቶኪዮ ላይ ነሐስ። ሃያ ዓመት! ስትጀምር በ44 ኪሎ የሰውነት ክብደት ምድብ ነበረች፤ ሪዮ ላይ 142 ኪሎ ስታነሳ በ61 ኪሎ ምድብ ነው። ማለትም ሰውነቷ ከምድብ ምድብ ሲያድግ ጉልበቷም አብሮ አድጓል። የግብፅዋ ፋትማ ኦማር ደግሞ ከ2000 እስከ 2012 አራት ወርቅ በተከታታይ፣ ከዚያ ሁለት ብር። በሩጫ እንዲህ ዓይነት ዕድሜ ማን ያገኛል? ደረትና ትከሻ ቀስ ብሎ ይገነባል፣ በአግባቡ ከተያዘም ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው።

የኢራኑ ሲያማንድ ራህማን በዚህ ስፖርት ስሙ ከሁሉ በላይ ይነሳል። በ1988 በኦሽናቪዬ ተወለደ፤ የሚወዳደረው በመጨረሻው፣ በከባዱ የሰውነት ክብደት ምድብ ነበር። ለንደን 2012 ላይ በ280 ኪሎ ወርቅ ወሰደ። ሪዮ 2016 ላይ 310 ኪሎ ገፋ፤ ከእሱ በፊት 300ን ያለፈ በዚህ ስፖርት አልነበረም። በጅማ ሚዛን ስንለውጠው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን አምስት ጆንያ ቡና፣ በላዩ 10 ኪሎ ጭማሪ፣ በሁለት እጅ፣ በጀርባ ተኝቶ። እኔን ግን 310 ራሱ አይደለም የሚያስደንቀኝ፤ በመካከል ያለው ሒሳብ ነው። ከ280 ወደ 310 ሠላሳ ኪሎ ነው፤ አራት ዓመት ፈጀ። በወር ሲካፈል ስድስት መቶ ግራም ገደማ ይመጣል። በዓለም ላይ እሱን የሚስተካከል ያልነበረው ሰው በወር የጨመረው ከአንድ ኪሎ ስኳር ያነሰ ነው። "በሦስት ወር ሃያ ኪሎ ጨመርኩ" የሚል ጀማሪ ካጋጠማችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪ ስለሆነ ነው። ሲያማንድ በ2020 ማርች መግቢያ ላይ በልብ ሕመም አረፈ፤ 31 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ አግዳሚው እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

ተራ ጂም ውስጥ ያለው ቤንች ወርዱ 30 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ርዝመቱም ከወገብ አያልፍም። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ በእግሩ ይገፋል፣ ወገቡን ያቀስታል፣ ሚዛኑን ይጠብቃል። የፓራ ሊፍተር ይህ ሁሉ የለውም። እግሩ በሙሉ፣ ከነተረከዙ፣ አግዳሚው ላይ ተዘርግቶ ይታሰራል። ስለዚህ በተራ ቤንች ላይ ሲለማመድ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ዳሌው ይንሸራተታል፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሰውነቱ ክብደት ወዳለው ጎን ይዞራል። ብዙ ጀማሪ "ቀኝ እጄ ደካማ ነው" ሲል እጁ ምንም አልሆነም፤ ከሥሩ ያለው አግዳሚ ነው የሚያዘነብለው።

ብየዳ ቤት ለሚያሠራ ሰው፦ አፅሙን 50 በ50 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ያላነሰ። ቀጭኑ ቱቦላሬ ለበርና ለአልጋ ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም፤ የሚሸከመው ሰውየውን ከነባሩ ነው። ባሩ የሚቀመጥበት ቋሚ ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን፤ ቀዳዳዎቹ በሁለት ሳንቲ ልዩነት ቢበሱ ይበቃል። ክንዱ አጭር ሰው ባሩን ከቋሚው ለማውጣት ትከሻውን ከአግዳሚው ካነሳ፣ ገና ሳይጀምር ጉልበቱ ግማሹ አለቀ። ከላዩ ወፍራም ጣውላ፤ ዋንዛ ከተገኘ ግሩም ነው። ስፖንጅ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። "ይመቸው" ተብሎ የፍራሽ ስፖንጅ ይደረግለታል፤ 100 ኪሎ ሲወርድበት ስፖንጁ ይሰምጣል፣ የትከሻ አጥንቱ የሚደገፍበት ያጣል፣ ባሩም አብሮ ይወርዳል። የታመቀ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እምቢ የሚል፣ ከአምስት ሳንቲ ያልበለጠ ስፖንጅ ነው የሚፈለገው። የሚያንሸራትት ላስቲክም አይሁን፤ ላብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው።

ማሰሪያው የራሱ ጣጣ አለው። እጅ ላይ የሚገኘው የመኪና ቀበቶ ነው፤ ወርዱ አምስት ሳንቲ እንኳ አይሞላም። ስሜት ያለው እግር ላይ ሲጠብቅ ያማል፣ ሰውየው ይናገራል። ስሜት የሌለው እግር ላይ ሲጠብቅ ግን ማንም አይናገርም፤ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ነው ቁስሉ የሚታየው። የግፊት ቁስል ደግሞ ለወራት ከልምምድ ያስቀራል፣ ሆስፒታልም ያስተኛል። ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ወርድ ያለው ማሰሪያ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ ባለው ቦታ እንጂ በጉልበት ላይ አይደለም። ካሰሩ በኋላ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከልምምድ በኋላም ቆዳውን በዓይን ማየት የልምምዱ አካል ነው፤ ያልደረሰበትን ቦታ በትንሽ መስታወት። የአከርካሪ ጉዳቱ ከደረት መሐል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ላይ የጠበቀ ማሰሪያ ወይም የሞላ ፊኛ የደም ግፊቱን በድንገት ያሻቅበዋል፤ ራስ ምታት፣ ላብ፣ የፊት መቅላት ከታየ ባሩ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው ይፈታ፣ ሰውየው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ፊኛው ይታይ። ካልተሻለው ቶሎ ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ባርና ፕሌት፣ ማለትም በባሩ ጫፍና ጫፍ የሚሰካው ክብደት። የውድድሩ ባር 20 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ መቆለፊያዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ተኩል፤ ስለዚህ ባዶ የሚመስለው ባር 25 ኪሎ ነው። የሰፈር ጂም ባሩ ፌሮ፣ ፕሌቱ ሲሚንቶ የተሞላ ጀሪካን ነው፤ ማንንም አላፍርበትም፣ ስንት ደረት የገነባ ዕቃ ነው። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ኮንክሪት ሲሞላ 12 ኪሎ ገደማ ይመጣል። "ገደማ" የምትለዋ ናት ችግሩ። አንዱ ጀሪካን ጠጠር በዝቶበት 12 ተኩል፣ ሌላው አሸዋ በዝቶበት 11 ተኩል ቢሆን፣ በግራና በቀኝ የአንድ ኪሎ ልዩነት ይዘው ዓመት ሙሉ ይለማመዳሉ፤ ትከሻ ይህን ልዩነት ይማራል፣ ውድድር ላይ ትክክለኛ ባር ሲያገኝ ጠማማ አድርጎ ይገፋል። ጅማ ውስጥ ሚዛን አይጠፋም፤ ቡና ነጋዴ ቤት ሁሉ አለ። ሁለቱን ጀሪካን ወስዶ አስመዝኖ፣ የከበደውን በመሮ ጠረብ ማድረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ክብደቱንም በቀለም ይጻፍበት።

ይህ ሁሉ የሚደከመው ለሦስት ሰከንድ ነው። መድረክ ላይ ስም ከተጠራ በኋላ ሁለት ደቂቃ አለ። ተወዳዳሪው ይተኛል፣ ይታሰራል፣ እጁ እንዳይንሸራተት ነጭ ዱቄት (ቾክ) ተቀብቶ ባሩን ይይዛል። በሁለቱ ጠቋሚ ጣቶች መካከል ከ81 ሳንቲ በላይ ሊሆን አይችልም፤ አውራ ጣትም ባሩን መጠቅለል አለበት። ባሩን አውጥቶ ክርኑን ዘርግቶ ይጠብቃል። ዳኛው "ስታርት" ይላል። ባሩ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ደረት ላይ ይቆማል፤ በሚታይ ሁኔታ፣ ጭጭ ብሎ። ከዚያ ይገፋል። በተራው የፓወርሊፍቲንግ ውድድር ባሩ ደረት ላይ ሲቆም ዳኛው "ፕሬስ" ብሎ ያዛል፤ እዚህ ያ ትእዛዝ የለም። መቆሙን የሚወስነው ራሱ ሰውየው ነው፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ቶሎ ከገፋ "አልቆመም"፤ ብዙ ከጠበቀ ጉልበቱ ያልቃል። ከላይ ሁለቱ ክርኖች እኩል ተዘርግተው "ራክ" እስኪባል መጠበቅ። ሦስት ዳኛ፣ ሦስት መብራት፤ ሁለት ነጭ ከሆነ ተነሳ፣ ሁለት ቀይ ከሆነ አልተነሳም።

ቀይ የሚበራበትን ምክንያት ልብ ብላችሁ ስትከታተሉ፣ "ከበደው" የሚባለው ከሚገመተው ያነሰ ነው። ባሩ ደረት ላይ ከቆመ በኋላ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ደረት ላይ ነጠረ፤ ግራው ቀድሞ ቀኙ ዘገየ፤ እየወጣ ሳለ ትንሽ ወደ ታች ተመለሰ፤ መቀመጫ ወይም ተረከዝ ከአግዳሚው ተነሳ፤ "ራክ" ሳይባል መለሰው። ክብደቱ ተነስቷል እኮ፣ ተመልካች አጨብጭቧል፤ ግን ቀይ ነው። የሰፈር ጂም ልማድ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው፤ ሰፈር ውስጥ ባሩን ደረት ላይ አንጥሮ 100 የሚያነሳ፣ በደንቡ ከቆመበት 85 ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ አማርኛም ይናገር ኦሮምኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱን ቃል እንዳሉ ይጥራ፤ "ስታርት" እና "ራክ"። ልምምድ ላይ ያልሰማው ቃል ውድድር ላይ ያስደነግጠዋል።

የሳምንቱ ልምምድ ብዙ ምስጢር የለውም። ባሩን በደንቡ ደረቱ ላይ አቁሞ 80 ኪሎ የሚያነሳ ሰው ቢኖር፦ ሰኞ 60 ኪሎ፣ አምስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ። ረቡዕ 55 ኪሎ፣ ስድስት ዙር በሦስት፣ በእያንዳንዱ ባሩን ደረት ላይ ሦስት ሰከንድ አቁሞ፤ ይቺ ቀን የማትወደድ ቀን ናት፣ ሻምፒዮን የሚወጣውም ከእሷ ነው። ዓርብ 70 ኪሎ፣ አንድ አንዴ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ አራት ደቂቃ ረፍት። ከፍተኛውን መሞከር በየሳምንቱ አይደለም፤ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ጀርባ ነው። ክራንች ለሚጠቀም ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ለሚገፋ ሰው ትከሻው እግሩም ነው። ሌላው ሊፍተር ትከሻው ሲታመም ሁለት ሳምንት ያርፋል፣ በእግሩ እየሄደ። እሱ ግን ትከሻው ሲታመም ሽንት ቤት መሄድም ይቸግረዋል። ክረምት ላይ በጭቃ ከጅማ መርካቶ ወደ ቤት በክራንች የመጣ ሰው፣ ወይም የጅሬንን ዳገት የወጣ፣ ያን ቀን ልምምድ ሠርቷል፤ ማስታወሻው ላይ ይጻፍለት፣ ከዙሩም አንድ ወይም ሁለት ይቀነስለት። ለአንድ የመግፋት ዙር ሁለት የመሳብ ዙር ማድረግ ይገባል። በደረቱ አግዳሚው ላይ ተኝቶ ሁለት ጀሪካን ወደ ጎኑ መሳብ ከሁሉ ይቀላል፤ 61 ሳንቲው ሰፊ ከሆነበት በጠባቡ ጫፍ ላይ ይተኛ። ትከሻ ፊት ለፊት፣ ከአጥንቱ ሥር ማታ ማታ የሚያቃጥል ሕመም ከጀመረ፣ "ይለቅቃል" አይባልም፤ አያያዙ ይጥበብ፣ ክብደቱ በሩብ ይቀነስ።

ምግቡን ብዙ አላወራበትም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1.6 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 100 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፤ የቀረው ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከወተትና ከሥጋ ይሞላል። አቮካዶ ጅማ ላይ ርካሽ ነው፣ ግን ስብ እንጂ ፕሮቲን አይደለም፤ ምድቡን ለሚጠብቅ ሰው ሳያውቀው ኪሎ ይጨምርበታል። በረመዳን ከባዱ ልምምድ ካፈጠሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን፤ በሁዳዴ ደግሞ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በእጥፍ። ከሱቅ የሚገዛ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት አይነካ፤ ውስጡ የተከለከለ ነገር ካለ በዶፒንግ ምርመራ ሽንቱ ይናገራል፣ ቅጣቱም ዓመታት ነው።

ምድቡ እንዲህ ነው። የወንዶቹ ከ49 ኪሎ ይጀምራል፤ 54፣ 59፣ 65፣ 72፣ 80፣ 88፣ 97፣ 107 እና ከዚያ በላይ። የሴቶቹ 41፣ 45፣ 50፣ 55፣ 61፣ 67፣ 73፣ 79፣ 86 እና ከዚያ በላይ። እግሩ የተቆረጠ ሰው እንደ ተቆረጠበት ቦታ ተሰልቶ ኪሎ ይጨመርበታል፤ ይህን ሳያውቁ "ልክ 59 ነኝ" ብሎ መሄድ ወደ ላይኛው ምድብ መወርወር ነው። ውኃ በመተው ኪሎ መቀነስ በዚህ ስፖርት ሞኝነት ነው። የፊኛ ችግር ያለበት ሰው ውኃ ሲተው ኢንፌክሽን ይጠብቀዋል።

ማን ይወዳደራል ለሚለው፦ ቋሚ የሆነ የእግር ወይም የዳሌ ጉዳት፣ ወይም አጭር ቁመት፤ ክርኑ ደግሞ ከሙሉ ዝርጋታ ከ20 ዲግሪ በላይ የሚጎድለው መሆን የለበትም። የሐኪም ሰነዱ ቀድሞ ይዘጋጅ። ራጁና የምርመራው ወረቀት በቤት ውስጥ በፌስታል ታጥፎ የሚቆየው ሰነድ ነው፤ ለዓለም አቀፍ ምደባ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ውድድሩ ላይ ሦስት ሙከራ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱም ከተበላሹ ደረጃ የለም፣ ውጤትም አይያዝም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሙከራ በልምምድ ባሩን አቁሞ ሦስት ጊዜ የገፋው ክብደት መሆን ያለበት። 120 የሚችል በ110 ይጀምር፣ 116 ያስከትል፣ ከዚያ 120። ከአንዱ ሙከራ በኋላ ቀጣዩን ለማስመዝገብ አንድ ደቂቃ ነው ያለው፤ ወረቀቱን የሚይዘው ሰው ሒሳቡን ቀድሞ በኪሱ ይዞ ይግባ። የናይጄሪያዋ ፎላሻዴ ኦሉዋፌሚያዮ ፓሪስ ላይ 167 ኪሎ ገፍታ የዓለም ክብረ ወሰን ስታሻሽል እንኳ ጭማሪው በአንድ ኪሎ ነበር የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱም በር ነው። አግዳሚው ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ለከንቱ አይደለም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ከነትራሱ እዚያው አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሰው ማንም ሳያነሳው በእጁ ተደግፎ ይሻገራል። ግን ክፍሉ ውስጥ ካልገባ ምን ዋጋ አለው። በሩ 80 ሳንቲ ይክፈት። ደፉ 15 ሳንቲ ከሆነ፣ ለአንድ ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ታስቦ፣ 1 ሜትር ከ80 መወጣጫ ያስፈልገዋል። ከአግዳሚው በ30 ሳንቲ ብቻ ያጠረ ጣውላ ነው፤ ያው አናጢ በዚያው ቀን ይቆርጠዋል።